ልጄን ያማሁበት አስር ደቂቃ

ተናድጃለሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ኋላ መሃል ላይ ስጮህ እንዳትደነግጡ። የተናደድኩት በዚህ አገር ነው፣ በትምህርት ቤቱ ነው፣ በልጄ አስተማሪ በዩፍ ሎተ ነው፣ በዩፍ ሎተ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ደቂቃ በምትቆጥረው ፕላስቲክ ቲማቲም ነው። በሚስቴም ተናድጃለሁ፤ እሷም በእኔ። በራሴማ የተናደድኩትን አታንሱት፤ እሱን ቀስ ብዬ ነው የማመጣው፣ ሰው በራሱ ላይ ለመናደድ ትንሽ መሟሟቅ ይፈልጋል።

እዚህ ሆላንድ ልጆች ሴት አስተማሪያቸውን ዩፍ ነው የሚሏት፤ እትዬ እንደማለት ነው። ልጄ ሃያት ስምንተኛ ክፍል ናት። ስምንተኛ ስላችሁ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ የሚማርበት ክፍል እንዳይመስላችሁ። እዚህ የሚቆጥሩት ከአራት ዓመታቸው ጀምረው ስለሆነ ሃያት ገና አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ የመንጋጋ ጥርሷ ዛሬም ይነቃነቃል። እንግዲህ በዚች ዕድሜዋ ነው አስተማሪዋ «አንቺ በዚህ በኩል፣ አንተ በዚያ በኩል» እያለች የምትለያቸው። ስሙን ደግሞ «ምክር» ብለውታል! እኔ ምክር ሲባል የማውቀው አንገቴን ነቅንቄ ሰምቼ ከበር ስወጣ የምረሳውን ነው። ይሄኛው ግን የሚከተለውን ትምህርት ቤት በር ወይ ይከፍታል ወይ ይዘጋል።

የደረጃው ብዛት ደግሞ! ከታች ባዚስ፣ ቀጥሎ ካደር፣ ቀጥሎ ማቮ፣ ቀጥሎ ሃቮ፣ ላዩ ላይ ፌዌኦ፤ እዚያ ላይ ቆመው ላቲን የሚማሩም አሉ፣ ከማን ጋር ሊያወሩበት እንደሆነ አላህ ይወቀው። የታችኞቹ ወደ እጅ ሙያ ይሄዳሉ፣ ከሃቮ ወዲያ ያሉት ወደ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ። እናቴ ጤፍ ስትገዛ እንኳ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብላ አራት ላይ ታቆም ነበር። የእጅ ሙያ ንቄም አይደለም፤ እኔው ራሴ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ። ግን ጥርሷ ያልረጋ ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል? ዩፍ ሎተ ታውቃለች።

የምንኖረው ሆግቭሊት ነው፣ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ። ነፋሱ ከፔርኒስ የነዳጅ ማጣሪያ በኩል ሲመጣ ያጠባችሁትን ልብስ ከገመድ ላይ ማንሳት አለባችሁ እንጂ ሰፈሩስ ደህና ነው። በትምህርት ቤት አንታማም። የመንግሥት አለ፣ የካቶሊክ አለ፣ የፕሮቴስታንት አለ፣ የእስልምና አለ፤ ሁሉንም የሚከፍልላቸው መንግሥት ነው። ልጁ ሲያሰኘው የሚማርበት፣ ሳያሰኘው ምንጣፍ ላይ የሚንከባለልበትም አለ። እሱን ለመጎብኘት ሄደን ዘይነባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የተመለሰችው። በመጨረሻ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን መረጥን፣ የካቶሊኩን። የኮምቦልቻ እስላም ልጁን ካቶሊክ ጋ አስገባ ብሎ የሚደነቅ ሰው ካለ ወሎን አያውቅም ማለት ነው። እኛ ዘንድ አጎትና የአጎት ልጅ በየሃይማኖታቸው እየጾሙ አንድ ግቢ ያድራሉ። ሃያት በገና ድራማቸው ላይ ግመል ሆና ተጫውታለች። ወላሂ እንደሷ ያለ ግመል አይቼ አላውቅም፣ ከነአረማመዷ! ይሄን ግን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

እኛ ልጃችንን ሰው ፊት አናሞግስም። አንደኛ የወጣሁ ጊዜ አስተማሪዬ መንገድ ላይ አባቴን አስቁመው «ልጅዎ ክፍሉን በለጠ» ሲሏቸው አባቴ ምን አሉ መሰላችሁ? «ይሄ ደንቆሮ? ተሳስታችሁ ነው፣ ደግማችሁ ደምሩ።» አስተማሪው ሳቁ። አባቴ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። እኔም ከጀርባቸው ቆሜ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ደንቆሮ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ግን የተባለው ምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ማታ አባቴ ድርሻቸውን ሥጋ አንስተው እኔ ፊት አስቀመጡልኝ።

ሚስቴ ዘይነባ ደግሞ የራሷ ምክንያት አላት፤ ዓይን ትፈራለች። «ልጄን ሰው ፊት እንዳታሞግስብኝ፣ ዓይን ይበላታል!» ትላለች። እኔን ብቻ ብትከለክል ጥሩ። ሃያትንም በየጠዋቱ ፀጉሯን እየሠራች «ክፍል ውስጥ እጅሽን ቶሎ ቶሎ አታውጪ፤ ሁሉን አውቃለሁ አትበይ፤ ቀስ በይ» ትላታለች። ሃያት ታዛዥ ልጅ ናት። ቀስ አለች።

ጥቅምት ግድም፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ እንግዲህ ለአስር ደቂቃው ውይይት ተጠራን። በዓመት የተወሰነ ጊዜ ወላጅና አስተማሪ ተገናኝተው ስለ ልጁ የሚያወሩበት ነው፤ ስሙም ራሱ «የአስር ደቂቃ ውይይት» ነው። አስር ደቂቃ! እኛ አገር በአስር ደቂቃ ሰላምታው እንኳ አያልቅም፤ ገና የከብቶቹን ደህንነት ሳትጠይቅ ቲማቲሟ ትጮህብሃለች። የተቀመጥነው በልጆቹ ወንበር ላይ ነው፣ ጉልበቴ ጆሮዬን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ሃያት በጣም ደስ የምትል ልጅ ናት» አለች ዩፍ ሎተ። «እቤትስ እንዴት ናት?»

«ሰነፍ ናት» አልኩ።

«እጅግ በጣም ሰነፍ» አለች ዘይነባ።

«መጽሐፍ አትገልጥም።» ውሸት ነው፤ መጽሐፍ ይዛ ሽንት ቤት ገብታ እኛ በር እንደበድባለን።

«ስልክ ላይ ነው የምትውለው» አለች ዘይነባ። የራሷን ስልክ አመል ነበር የምትናገረው።

«ብቻ እርስዎ አይልቀቋት፣ ጠበቅ ያድርጓት» አልኩና ጨረስኩ። ዩፍ ሎተ እያዘነች አንገቷን ነቀነቀች። «ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ወላጅ ብዙ አያጋጥመኝም» አለችን። እኛም እንዴት ያለን ጨዋ ሰዎች ነን ብለን ደረታችንን ነፍተን ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሆላንዳዊ አባት ነበር። ልጁ ቲስ የገዛ ጫማውን ማሰሪያ ከወንበሩ እግር ጋር አስሮ፣ ልነሳ ሲል ከነወንበሩ ወደቀ። አባትየው አነሳውና ወደ እኛ ዞሮ «ቲስ ነገሮችን መሞከር ይወዳል፤ ተመራማሪ ነው» አለን፣ ፈገግ ብሎ። ዘይነባ በአማርኛ «ምስኪን፣ ልጁ እንደዚህ ሆኖበት...» ብላ ከልቧ አዘነችለት።

የሆላንድ ክረምት፣ ብርዱ፣ ገባ፤ ምክሩም መጣ። ተመራማሪው ቲስ ሃቮ። ሃያት ካደር።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፤ ያስረዳኝ የሃያት ፊት ነው። ልጄ ምን መሆን እንደምትፈልግ አልነገርኳችሁም። ከባሕር የሚመጣውን ትልቅ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ወደቡ የሚያስገባ፣ ካፒቴኑን «በዚህ በኩል ሂድ» የሚል ሰው አለ አይደል? እሱን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስ ወንዝ ዳር ቆማ መርከቡ ገና ከሩቅ ሲታይ የየት አገር እንደሆነ ትነግረኛለች። ለዚያ ሥራ ደግሞ የባሕር ኮሌጅ ያስፈልጋል፣ ለኮሌጁ ሃቮ። በካደር የሚደርስበት ዙሪያ መንገድ አለ አሉ፤ እሱም ግን ዓመታት ይጨምራል፣ ስንቱም መሃል ላይ ይቀራል። ሃያት ይሄን ሁሉ ከኔ በፊት አጣርታ ታውቃለች። ታዲያ አለቀሰች? አላለቀሰችም። ጮኸች? አልጮኸችም። «ኦኬ» ብላ ክፍሏ ገባች። ያቺ «ኦኬ» ናት ደሜን ያፈላችው።

በማግስቱ ዩፍ ሎተን በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። «ልጄ ምን ጎድሏት ነው?»

«ፈተናዎቿ ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዴም በጣም ጥሩ» አለች። «ግን እጇን አታወጣም፣ በራሷ አትተማመንም። እቤትም እንደማትሠራ እናንተው ነገራችሁኝ። እኔ የወላጅን ቃል ከምር ነው የምወስደው።»

ከምር! ኧረ በነቢ! ማን ከምር ውሰጂ አለሽ? ሚስቴ እንኳ እኔን ከምር አትወስደኝም! ስንት ዓመት ተምራ አስተማሪ የሆነች ሰው ትሕትናና ሐሜት አትለይም? ይሄን ሁሉ ያልኳት በሆዴ ነው። በአፌ ያልኩት «አመሰግናለሁ» ነው፤ የተረገመ አመሌ ነዋ። እቤት ስገባ ከዘይነባ ጋር ተያያዝን። «አንተ ነህ ሰነፍ ያልካት!» «እጅግ በጣም ያልሽውስ አንቺ አይደለሽ?» «እኔማ ያንተን መደገፌ ነው!» በሃያ ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የደገፈችኝ ቀን ይሄው ነው።

ቆሽቴ እያረረ ምድር ቤት ወደሚኖሩት ወደ አቦይ ተስፋይ ወረድኩ። አቦይ ተስፋይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ነው የለመዱት። ዕድሜያቸውን ሮተርዳም ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሲያስሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አራት ልጆችም እዚሁ አስተምረዋል። ለሃያት የመርከቡን ፍቅር ያስያዟት እሳቸው ናቸው። እሷ ታዲያ ውለታቸውን የምትመልሰው «ተስፋይ፣ ዛሬ የገባውን አየኸው?» እያለች ነው። አንተ! የሰባ ምናምን ዓመት ሰው! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ፤ እሳቸው ይስቃሉ።

ታሪኩን ስነግራቸው ግን አልሳቁም። «ወደይ፣ ልጄ፣ ምን ነካህ? እዚህ አገር ስለ ልጅህ እንደ መኪና ሻጭ ነው የምታወራው» አሉኝ። «በል ተቀመጥ። አሁን እኔ አስተማሪዋ ነኝ። ልጅህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ስለ ጤናዋ አይደለም የጠየቅኩህ! እንደገና!»

«ትሞክራለች።»

«እንደገና!»

«ጎበዝ...» ላብ አጠመቀኝ። «ጎበዝ ናት... አልፎ አልፎ።»

አቦይ ተስፋይ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠፈጠፉት። «መኪና ልትሸጥ ሄደህ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ይይዛል ትላለህ? አልፎ አልፎ የሚባል ነገር የለም! እንደገና!»

ምሽቱን እንደዚያ ሲያስለፉኝ አመሹ። ሰነፍ፣ ደንቆሮ፣ ዝንጉ ለማለት ምላሴ ቅቤ ነው፤ ጎበዝ ለማለት ግን ጉሮሮዬ ላይ አጥንት ይቆማል። ዘይነባም ስትሰማ ፈራ ተባ ብላ ፈቀደች፤ ግን ባሞገስኳት ቁጥር «ማሻአላህ» እንድል አስማለችኝ።

ሌላ አስር ደቂቃ ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ። ዘይነባ አረጋውያን የምትንከባከብበት ሥራ ላይ ስለነበረች የሄድነው እኔና ሃያት ነን። ያቺ ቲማቲም ገና ሳትጠመዘዝ ጀመርኩ።

«ልጄ ጎበዝ ናት፣ ማሻአላህ። መጽሐፍ ትወዳለች፣ ማሻአላህ። የመርከብ ባንዲራ ሁሉ ታውቃለች፣ ማሻአላህ።» እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ንዴትና ድፍረት አብረው ሲመጡ ለካ እንደ ቁልቁለት ናቸው። «ላቲን ትወዳለች!» አልኩ፤ ሃያት ላቲን ይበላ ይሁን ይጠጣ አታውቅም። «ቼዝ ሰፈሩን በሙሉ አሸንፋለች! ሌሊት በሕልሟ ሒሳብ ትሠራለች፣ ድምጿ ይሰማኛል! በድራማ ላይ ግመል ሆና...»

«ባባ» አለችኝ ሃያት እጅጌዬን እየጎተተች፣ «ዤናንት!» ዤናንት አሳፋሪ ማለት ነው። ከልጄ አፍ አብዝቼ የምሰማው የሆላንድ ቃል እሱ ነው።

ዩፍ ሎተ ግራ ተጋብታ ታየኛለች። «ግን ባለፈው ሰነፍ ናት ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ዋሽተው?»

«መዋሸት እንኳ አይባልም። እርስዎን አክብሬ ነው።»

«ልጅዎን በመስደብ?»

«አዎ!»

ትንሽ አሰበች። «ታዲያ አሁን አያከብሩኝም ማለት ነው?»

«አሁን ተናድጃለሁ!» አልኳት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥርት ብሎ የገባት ይቺ ብቻ ናት መሰለኝ።

ክፉ ሰው አይደለችም፣ ይሄን ልመስክርላት። ወንበሯን ወደ ሃያት አዞረችና ቀስ ብላ ተናገረች። «ወደፊት የምትፈተኑት ትልቅ ፈተና አለ፤ ውጤትሽ ከፍ ካለ ምክሩም ከፍ ሊል ይችላል። አባትሽ ሁለት ነገር ነግሮኛል። የቱን ልመን? አንቺስ ስለራስሽ ምን ትያለሽ?»

ሃያት እኔን አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን አየች። አንገቷን ልክ እኔ እንደማደርገው ወደ ጎን ሰበር አድርጋ፣ በሆላንድኛ፣ ግን በእኔው ድምፅ ተናገረች። «እኔ እንጃ። ትንሽ ሰነፍ ነኝ መሰለኝ።»

ቲማቲሟ ጮኸች።

ስንወጣ ዝናብ ያካፋል። ሃያት የጃኬቷን ኮፍያ ደፍታ ከጎኔ ትሄዳለች። በሆዴ ዩፍ ሎተን እየተሳደብኩ፣ ቲማቲሟን እየረገጥኩ፣ መንገዱን ልንሻገር ስንል ሃያት ጠየቀችኝ።

«ባባ፣ ዩፍን ለምን ዋሸሃት?»

«አልኳት እኮ፣ አክብሬያት ነው። ባለፈው ጊዜ...»

«ኔ፣ አይ፣ ባለፈው አይደለም። አሁን። ጎበዝ ናት ያልካት።»

ቆምኩ። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እያንጫረረ በአጠገቤ አለፈ። አባቴ ደንቆሮ ሲሉኝ እኔ አውቅ ነበር፤ ጢማቸውን አያለሁ፣ ማታ ሥጋውን እጎርሳለሁ። ለዚች ልጅ ማን ነገራት? እኔ ማታ ማታ ከሥራ ደክሞኝ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ስድቡን ከአባቴ ቃል በቃል ወርሼ ሥጋውን ረሳሁት። ይቺ ልጅ እኮ ዓመት ሙሉ፣ ኧረ ዕድሜዋን ሙሉ አምናኛለች! ከምር የወሰደችኝ ዩፍ ሎተ ብቻ አልነበረችም።

ያን ጊዜ ብው አልኩ። ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ፣ የአገሩም፣ የባዚሱም፣ የካደሩም፣ አንድ ላይ ገነፈለ።

«ጎበዝ ነሽ!» ብዬ ጮህኩ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ በአማርኛ። «ውሸቱ ሰነፍ ያልኩት ነው! ከኔ ትበልጫለሽ! ከእናትሽ ትበልጫለሽ! ከዚያ ከወንበር ጋር ከሚታሰረው ልጅ ትበልጫለሽ! ግመሏም ከሁሉም ትበልጥ ነበር!»

ውሻ የምታናፍስ ሴትዮ ውሻዋን ወደራሷ ሳበች። ሃያት ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ ጎተተችው። «ባባ፣ ሰው እያየን ነው!» «ይየን!» እያልኩ እስከ ደጃችን ደረስኩ። ላይ ቤት መስኮት ተከፈተና ዘይነባ ከነሥራ ልብሷ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል? ሰፈሩ ሰማ እኮ!»

«ይስማ!»

ሃያትን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የጎረቤቶቹን መስኮቶች አንድ በአንድ ቃኘቻቸው። «እንግዲያው ማሻአላህ በልበት!» ብላ መስኮቱን ዘጋች።

አልኩበት። ቁልፍ ፍለጋ ኪሴን እየዳበስኩ ሳለ ሃያት ከኮፍያዋ ውስጥ፣ ፊቷን ሳታሳየኝ ጠራችኝ።

«ባባ። አንዴ ድገመው።»